የሲስተር ልክነሽ አዞ

ሲስተር ልክነሽ ቤቷ ውስጥ የአዞ ልጅ በሳጥን ታሳድጋለች የሚለውን ወሬ አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር የነዛሁት እኔ ነኝ። ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነበር፤ እኔ የስምንት ዓመት ልጅ፣ ሁለተኛ ክፍል። ወሬው ሐሰት ነበር፤ እኔ ግን አልዋሸሁም። በዓይኔ ያየሁትን ነው ያወራሁት። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ከዶሮዬ መጀመር አለብኝ።

ገብስማ ዶሮ ነበረችኝ። እንቁላል ታቅፋ ሳለ አንድ ማለዳ ብንነሳ ከላባዋ በቀር የቀረ ነገር የለም፤ ሸለምጥማጥ በልቷታል። እንቁላሎቹም በርደዋል። ሁለት ቀን ሙሉ አለቀስኩ። አባቴ ኦይታ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ገበያው አጠገብ ባለች የቆርቆሮ ሱቁ ውስጥ የሰው ሬዲዮና ካውያ ሲፈታ ይውላል፤ አብዛኛውን መልሶ ይገጥመዋል። ለቅሶዬ ሲበዛበት፣ ሸለምጥማጥ የማይበላት ዶሮ እሠራልሻለሁ አለኝ።

እኔ የብረት ዶሮ መስላኝ ነበር። ክንፏ ከቆርቆሮ፣ ዓይኗ ከሬዲዮ መብራት እየተሠራ በሐሳቤ ታየኝ። የመጣችው ግን የአሳ ሳጥን ናት። ከጫሞ ሐይቅ አሳ ተጭኖባት የመጣች፣ አንድ ጎኗ የተሰነጠቀ የጣውላ ሳጥን። አባቴ በአመድና በሎሚ አጥቦ ሦስት ቀን ፀሐይ ላይ አሰጣት፤ ሽታው አልለቀቀም። ከዚያ ውስጧን በካርቶንና በአሮጌ ብርድ ልብስ ሸፈነ፤ ፊት ለፊቷ ከተሰበረ የፎቶ ፍሬም የወጣ መስታወት ገጠመ፤ አንድ አምፖል ሰቀለ። ትልቁ ምሥጢር ከአምፖሉ በላይ ነበር፦ ከሞተ ካውያ የተፈታች ትንሽ የሙቀት መቆጣጠሪያ። ሳጥኑ ሲሞቅ ቀጭ ትልና አምፖሉ ይጠፋል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ቀጭ ትልና ይበራል። ጥግ ላይ በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውሃ አስቀመጠ። የሳጥኑን ሙቀት የምናይበትን ትኩሳት መለኪያ ያዋሰችን ጎረቤታችን አዋላጇ ሲስተር ልክነሽ ናት። ግቢያችንን ከግቢዋ የሚለየው የሸንበቆ አጥር ብቻ ነበር።

"ዶሮ ማለት" አለኝ አባቴ ጨርሶ ሲቆም፣ "ሙቀት፣ እርጥበትና ትዕግሥት ናት። ሁለቱን እኔ ሠርቻለሁ። ሦስተኛው ያንቺ ነው።"

ሃያ አራት እንቁላል ከጎረቤት ሰበሰብን። በአንዱ ጎን ነጥብ፣ በሌላው ጎን መስቀል በእርሳስ አደረግንባቸው፤ በቀን ሦስት ጊዜ የማገላበጡ ሥራ የእኔ ሆነ። ጠዋት ትምህርት ቤት ሳልሄድ፣ ከምሳ በኋላ፣ ፀሐይ ስትጠልቅ። ከአባቴ ሱቅ ቀጥሎ ያለው ልብስ ሰፊው ጋሽ ካሱ በመጣ ቁጥር ሳጥኑን ያሸትትና፣ ኦይታ እንቁላሉን እየቀቀለው መሆኑን፣ ሲበስል ጨው ይዞ እንደሚመጣ ይነግረናል። በአሥረኛው ቀን መስኮቱን ዘግተን እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በባትሪ አየናቸው። አራቱ ባዶ ናቸው። በሌሎቹ ውስጥ እንደ ዛፍ ሥር የተዘረጉ ቀያይ ጅማቶች፣ በመሐላቸው የምትንቀሳቀስ ጥቁር ነጥብ። ያን ቀን ትምህርት ቤት አስተማሪዬ የጠየቀችኝን አንዱንም አልሰማሁም።

በአሥራ ሰባተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ዝናብ እየዘነበ፣ ሲስተር ልክነሽ ያለ ጫማ እየሮጠች መጣች። ሁልጊዜ ነጭ ካልሲ የምታደርግ ሴት ናትና እግሯ ጭቃ ሆኖ ሳይ ደነገጥኩ። አባቴን በሩ ላይ አቁማ በሹክሹክታ አነጋገረችው። የሰማሁት ቁርጥራጭ ነው። ጊዜው ሳይደርስ ወጣ። መዳፍ ላይ ያርፋል። ቆዳው ስስ ነው፣ ቀይ ነው። ከዚያ ድምፅዋ ከፍ አለ።

"ጋሽ ኦይታ፣ ሳጥኑን ስጠኝ።"

አባቴ መጀመሪያ ሳጥኑን አየ፤ ቀጥሎ እኔን። ብዙም አላየኝም። ተንበርክኮ እንቁላሎቹን እያወጣ ለእናቴ ያቀብላት ጀመር። ምን እያደረገ እንደሆነ ስረዳ ክንዱ ላይ ተንጠለጠልኩ፤ ልባቸው ይመታል እኮ፣ አራት ቀን ነው የቀራቸው አልኩት። ቀስ አድርጎ አላቀቀኝና ሳጥኑን በላስቲክ ጠቅልሎ ከነአምፖሉ በዝናብ ውስጥ ይዞት ሄደ።

ካደግሁ በኋላ ስለዚያ ቀን ጠይቄዋለሁ። "ሃያ እንቁላልና አንድ ነፍስ ለማመዛዘን ጊዜ አልወሰደብኝም" አለኝ። "የከበደኝ የአንቺን ዓይን ማየት ነበር።" ያኔ ግን ይህን አልነገረኝም። ማንም ምንም አልነገረኝም። እናቴ የነርስ ሥራ ነው፣ አይጠየቅም ብላ ዘጋችኝ። ምላሴን ታውቀዋለች።

ደግነቱ፣ ለእንቁላሎቹ ጊዜ አላጠፋችም። በጥጥ ሸፍና፣ በጋቢ ጠቅልላ፣ ቅርጫት ውስጥ አድርጋ ዝናቡ ሳያባራ ወደ ኩልፎ ወንዝ ይዛኝ ወረደች። እዚያ የሙዝ እርሻ ያላቸው ጋሽ ጋሻዬ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ ባለቤታቸው ሁለት የታቀፉ ዶሮዎች እንዳሏት እናቴ ሰምታለች። ሴትየዋ የራሷን ጥቂት እንቁላሎች ወደ አንዷ አዛውራ የእኛን ለሁለቱ አካፈለቻቸው። ዶሮዎቹ ተቆጥተው ጥቂት ነካከሱን፤ ከዚያ ክንፋቸውን ዘርግተው ተቀመጡባቸው። ወደ ቤት ስንመለስ ለእናቴ፣ ከአባዬ ጋር ዕድሜ ልኬን አልነጋገርም አልኳት። ሦስት ቀን ቆየሁበት።

አኩርፌ ሳለሁ ግን የሲስተርን ቤት መከታተል ጀመርኩ። መስኮቱ ቀን ከሌት በብርድ ልብስ ተሸፍኗል። ማንም ልጅ እንዳይገባ ተብሏል። ሲስተር ታናሽ እህት ነበረቻት፣ አገኘሽ የምትባል፤ ከደጋው ከገረሴ ወርዳ እሷ ጋ እየኖረች አሥራ ሁለተኛ ክፍል ትማር ነበር። ፀጉሬን የምትሠራኝ እሷ ናት። እሷም ወባ ይዟት ተኝታለች ተባለ። አመንኩ፤ ምክንያቱም በዚያ በአርባ ምንጭ ሙቀት ወራት ሙሉ ወፍራም ሹራብ ለብሳ ስትዞር አይቻታለሁ። ሁልጊዜ የሚበርዳት ሰው ወባ ቢይዛት ምን ይገርማል?

ከዚያ ደግሞ አሳው አለ። እናቴ በየቀኑ አሳ እየገዛች ሾርባ ትሠራና በክዳን ድስት አድርጋ ለሲስተር ቤት ትወስዳለች። እኛ በሳምንት አንዴም አሳ አንበላም ነበር። ለማን ነው ብላት፣ ለሚያስፈልገው አለችኝ።

የክፍል ጓደኛዬ አይዳ አጎቷ አዞ እርባታው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ ስለ አዞ የማታውቀው የለም። የሰማሁትን ሁሉ ነገርኳት። ጊዜው ሳይደርስ ወጣ፤ መዳፍ ላይ ያርፋል፤ በአሳ ሳጥን ውስጥ ይሞቃል፤ አሳ ይበላል። አይዳ ብዙም ሳታስብ፣ የአዞ ልጅ ነው አለችኝ። ለማረጋገጥ ግን ማየት አለብን አለች።

ሲስተር ወደ ጤና ጣቢያ፣ እናቴ ወደ ገበያ የሄዱበትን ሰዓት ጠብቀን በሸንበቆው አጥር ሾለክን። በብርድ ልብሱና በመስኮቱ ክፈፍ መካከል ጣት የምታሾልክ ክፍተት ነበረች። መጀመሪያ እኔ አየሁ። ሳጥናችን ጠረጴዛ ላይ ተቀምጧል፤ አባቴ ጎኑ ላይ አዳዲስ ቀዳዳዎች በስቶበታል። አምፖሉ ቢጫ ብርሃን ያፈሳል። ውስጡ በጥጥ የተሞላ ነው፤ ከጥጡ መካከል አንድ ነገር ተዘረጋ። ቀይ፣ የተሸበሸበ፣ የአውራ ጣቴን ያህል ውፍረት የሌለው፤ ጫፉ ላይ አምስት ጣቶች፣ በጣቶቹ ጫፍ ጥፍር። ከዚያ ጭው የሚል ቀጭን ድምፅ ሰማሁ። ወዲያው ቀጭ አለና አምፖሉ ጠፋ።

አይዳ በተራዋ አይታ ፊቷ ነጣ። የአዞ የፊት እግር አምስት ጣት ነው ያለው አለችኝ፤ ልጁም እንደ ጫጩት ነው የሚጮኸው። ጥያቄው ተዘጋ።

ያየሁት እጅ የሰው እጅ ነበር። ከጊዜዋ ሁለት ወር ቀድማ የተወለደች፣ አንድ ኪሎ ከሩብ የማትሞላ ሴት ልጅ። እናቷ አገኘሽ ናት። ታሪኩን በሙሉ ራሷ አገኘሽ የነገረችኝ አሥራ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ነው። ምጡ ድንገት ሲመጣባት እህቷ ሆስፒታል እንሂድ ብላ ለምናት ነበር፤ እሷ ግን እዚያ የሚያውቀኝ የገረሴ ሰው አይጠፋም፣ ማታውን አባቴ ይሰማል ብላ እምቢ አለች። አባቷ አቶ ኤርጫፎ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነበሩ፤ ልጃቸውን ወደ ከተማ የላኩትም ጉባኤው ፊት አጸልየው ነው። ሕፃኗ ስትወለድ ድምፅ አልነበራትም፤ ቀለሟም ሰማያዊ ነበር። ሲስተር በልብሷ ውስጥ፣ ደረቷ ላይ አድርጋ ካሞቀቻት በኋላ ለእናቷ ደረት ሰጥታት ወደ እኛ ቤት የሮጠችው ያኔ ነው። አሳ ሾርባው ለአገኘሽ ወተት እንዲመጣላት ነበር። ሕፃኗ ጡት መሳብ ስላልቻለች ወተቱን እያለቡ በጠብታ ይሰጧታል። ያ ሁሉ ሹራብም ለብርድ አልነበረም።

እኔ ግን አዞ አለ ብያለሁ። በማግስቱ ሁለተኛ ክፍል ሁሉ አወቀ፤ በሳምንቱ መጨረሻ ትምህርት ቤቱ። የሰፈር ልጆች በሲስተር በር ሲያልፉ መንገዱን ተሻግረው በሩጫ ሆነ። ትልልቆቹ ሴቶች ስነግራቸው ይስቁና፣ በይ እንግዲህ አትቅረቢ፣ እግርሽን እንዳይወስደው ይሉኛል። ያመኑኝ መስሎኝ ኮራሁ። በዚያው ሰሞን እናቴ ከኩልፎ በካርቶን አሥራ አንድ ጫጩት ይዛልኝ መጣች። ጥቋቁር፣ ቢጫ፣ አንዷ እንደ ድሮዋ ዶሮዬ ገብስማ። ከአባቴ ጋር የቀረችውም ኩርፊያ በዚያው አለቀች። እሱም እጁን ዘርግቶ አንዷን አነሳና፣ መዳፍ ላይ ታርፋለች ሲል ድምፁ ተለወጠ፤ ስለ ጫጩቷ መስሎኝ ነበር።

አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። መብራት መጥፋት ብርቅ አይደለም፤ በእንቁላሎቹ ጊዜም ሁለቴ ጠፍቶብን አባቴ በጋቢ ሸፈን አድርጎ ሻዩን ጠጥቷል። ያን ቀን ግን ሱቁን ሳይዘጋ ሮጦ መጣ። የአምቦ ውሃ ጠርሙሶች ለቃቅሞ ሙቅ ውሃ ሞላባቸው፤ በካልሲ እየጠቀለለ ወደ ሲስተር ቤት ያመላልስ ጀመር። የእኔን ካልሲ ሳይቀር ወሰደ። ብዙም ሳይቆይ የጎረቤት ሴቶች አንድ በአንድ መጡ፤ አንዷ በፔርሙዝ፣ አንዷ በጀበና፣ አንዷ በማንቆርቆሪያ፤ ሁሉም ሙቅ ውሃ ይዘዋል። ጋሽ ካሱ ሳይቀር የልብስ መተኮሻ ከሰሉን በምጣድ ይዞ መጥቶ ደጃፉ ላይ ውሃ እያፈላ ተቀመጠ። አንድም ሰው ምን ሆነ ብሎ አልጠየቀም። መብራቱ የመጣው ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ አጥሩ ሥር ቆሜ፣ ለእንቁላሎቼ ያልተደረገው ለአዞ ተደረገ ብዬ ቅናት ገባኝ።

አሁን ሳስበው ሰፈሩ ሁሉ ያውቅ ነበር። ከመጀመሪያው ጀምሮ። ሴቶቹ አዞዬን ስነግራቸው የሳቁት አምነውኝ ሳይሆን፣ ወሬው ልጆችንና መንገደኛን ከበሩ ስላራቀላቸው ነው። ያን ሁሉ ጊዜ አፉን የከፈተ ሰው ቢኖር እኔ ብቻ ነኝ።

ችግሩ የአይዳ አክስት ናት። ቅቤ ልትገዛ በየሳምንቱ ገረሴ ገበያ ትወጣለች፤ የእኛ ሰፈር ሰው ስላልሆነች ምንም አታውቅም። የሰማችውን እንደ ቀልድ አወራችው፤ ከአርባ ምንጭ አንዲት ነርስ፣ የዚህ አገር ልጅ፣ ልክነሽ የምትባል፣ መስኮቷን ሸፍና አዞ ታሳድጋለች። ገበያው ሳቀ። አቶ ኤርጫፎ ግን አልሳቁም። መስኮት ተሸፍኖ የሚደበቀው ምን እንደሆነ፣ ታናሿ ልጃቸው ለምን ሁለት ወር ደብዳቤ እንዳልጻፈች አሰቡ። በማግስቱ ጠዋት በሚወርደው መኪና ተሳፈሩ።

አራት ሰዓት ገደማ ይሆናል። ጫጩቶቼን ደጃፍ ላይ ጥሬ እየበተንኩላቸው ነው። ረጅም ሽማግሌ፣ ኮታቸው ላይ ቡሉኮ የደረቡ፣ ትልቅ ከዘራ የያዙ፣ አጥሩ ጋ ቆሙ። በዚያ ሙቀት ቡሉኮውን አላወለቁትም። የልክነሽን ቤት ጠየቁኝና አሳየኋቸው። ከዚያ ጎንበስ ብለው በዝግታ፣ የአማርኛ ቃሉን እየፈለጉ ተናገሩ።

"ልጄ፣ እዚያ ቤት ውስጥ ምን አለ?"

"አዞ" አልኳቸው።

"አዞው ትናከሳለች?"

"ገና ጥርስ የለውም።"

ከዘራቸውን አጥበቀው ይዘው ሄዱ። ሊገድሉት የመጡ መስሎኝ ተከተልኳቸው። ሲስተር በሩን ከፍታ ስታያቸው አንድ እጇን በመቃኑ ላይ ዘርግታ ቆመች። በጋሞኛ ተነጋገሩ፤ እኛ ቤት የምንናገረው አማርኛ ስለሆነ ግማሹ ብቻ ይገባኛል። እሳቸው ልጄ የት ናት አሉ። እሷ፣ አባባ ከዘራውን ውጭ ተዉት አለች። ሁለቴ ደገመችው። እንደዚያ ቆመው ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ ከዘራውን ከግድግዳው አስደገፉትና ሲስተር እጇን አወረደች።

ከውስጥ ጩኸት እጠብቃለሁ። አንዳች አልተሰማም። ጫጩቶቹ ተከትለውኝ መጥተው እግሬ ሥር መሬቱን ይጭራሉ። ሽማግሌው ሲወጡ የቀኝ እጃቸውን ሌባ ጣት በግራ እጃቸው ጨብጠው፣ እንባቸው በጺማቸው እየወረደ ነበር። ትልቅ ሰው፣ ያውም ወንድ፣ እንደዚያ ሲያለቅስ አይቼ አላውቅም።

"ነከስዎት?" አልኳቸው።

ጣታቸውን አዩት። "ያዘችኝ" አሉ። "አልለቅም አለች።"

በኋላ አገኘሽ እንደነገረችኝ፣ ሲገቡ እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር። አባቷ አላናገሯትም። ሳጥኑ ጋ ሄደው በመስታወቱ ሲያዩ ቆዩ። ሲስተር ከፈተችላቸው፤ ጣታቸውን ሲያስገቡ ሕፃኗ ጨበጠችው። ከዚያ ወደ አልጋው ዞረው የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስም አወጣሽላት ወይ? አገኘሽ፣ ትሞታለች ብዬ ፈርቼ አላወጣሁም አለቻቸው። እንግዲያው ሰሊሆም በያት አሏት።

ሳጥኑ ወደ ቤታችን የተመለሰው ከወር በላይ ቆይቶ ነው፤ ከአሳ ይልቅ አልኮል አልኮል ይሸታል። አዞው የት ሄደ ብዬ አባቴን ጠየቅሁት። ጫሞ ገባ አለኝ፣ ሳይስቅ። አንድም ጊዜ ሳልሰናበተው በመሄዱ ቅር አለኝ።

ከፋሲካ ቀጥሎ ባለው እሑድ ሲስተር ቤተሰባችንን ይዛ ገረሴ ወጣች። ለምስጋና ነው ተባለ። ስደርስ ብርዱ አስደነገጠኝ፤ እናቴ የአባቴን ኮት ደረበችልኝ። ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ሞልቷል፤ ወንዶቹ በቀኝ፣ ሴቶቹ በግራ። አገኘሽ ከእኛ ጋር፣ ከሁሉም በስተኋላ ባለው አግዳሚ፣ ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ተቀምጣለች። እጇ ባዶ ነው። መዝሙር ተዘመረ፤ ረዘመ፤ እኔ ጫጩቶቼ እራታቸውን ማን እንደሚሰጣቸው አስባለሁ።

መዝሙሩ ሲያልቅ አቶ ኤርጫፎ ከፊተኛው አግዳሚ ተነሱ። ቡሉኳቸውን ገለጥ አደረጉ፤ ክንዳቸው ላይ ሕፃን አለች። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም፤ ሰዉ ግን ዝም ብሎ ስለነበር ከኋላ እንሰማለን። በጋሞኛ ነው የተናገሩት፤ ይቺ ገባችኝ፣ አጭር ስለነበረች።

"ይህች የልጄ የአገኘሽ ልጅ ናት። ስሟ ሰሊሆም ነው። ጥያቄ ያለው እኔን ይጠይቅ።"

አንድም ሰው አልተነሳም። እሳቸውም ቆመው ጠበቁ፤ ጊዜ ሰጧቸው። ከዚያ ተቀመጡ።

አጠገቤ አገኘሽ ተነሳች። መሄጃ መንገዱ በመሐል ነው፤ እስከ ፊት ድረስ ብቻዋን ሄደች፤ ነጠላዋ ከራሷ ወርዶ ትከሻዋ ላይ ነበር፣ አልመለሰችውም። መጨረሻው ላይ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባት ወደ ቀኝ ታጠፈች። አባቷ ቀና ሳይሉ ጠጋ አሉና ቦታ ለቀቁላት፤ ተቀመጠች።

የእናቴን ቀሚስ ጎተትኩ። "እማዬ፣ ተሳስታ ወንዶቹ ጋ ተቀመጠች" አልኳት።

እናቴ እያለቀሰች ነበር። "ተያት" አለችኝ፤ "አልተሳሳተችም።"